ጋሼ ፈንታ ፍሬን ሲይዙልኝ

የመኪናዬ ፍሬን አየር ገብቶበት ፔዳሉ ላላ። ሙሳክ፣ ማለትም ጋራዥ፣ ከመውሰድ እዚሁ እስራኤል፣ ክፋር ግቢሮል ሰፈር፣ ሕንፃችን ሥር አየሩን ራሴ ላስወጣው ብዬ ተነሳሁ። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ቡሎን ያላላል፣ አየሩ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሳ ግን አየሩ ተመልሶ ይገባል።

እንዲረግጡልኝ አጎቴን ጋሼ ፈንታን ለመንኩ።

"ቤሰደር፣ እሺ ልጄ፣ ይዤዋለሁ" አሉ።

ቡሎኗን እያላላሁ ሳለ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አለፉ። ጋሼ ብድግ!

"ጋሼ፣ እግርዎን!"

"ታዲያ ቁጭ ብዬ ሰላም ልበላት?"

እንደገና ጀመርን። የቤተ እስራኤሉ ቄሳችን አለፉ፤ ብድግ። ከጸሎት የሚመለሱ አምስት ሽማግሌዎች አለፉ፤ አምስት ጊዜ ብድግ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ እስራኤል ነው! እዚህ ለሰላምታ ማን ይነሳል?" ብዬ ጮህኩ።

በስንት መከራ ጨርሰን ለሙከራ አብረን ወጣን። የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ረገጥኩት፤ ፍሬኑ መኪናዋን ቀጥ አደረጋት። ቄሳችን ተሻገሩና ከዳር ሆነው እጃቸውን አነሱልኝ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ እግሬም አብሮኝ ተነሳ። መኪናዋ ተንሸራታ ከቆሻሻ ገንዳው ጋር ተላተመች።

ጋሼ ፈንታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። "እሰይ! አሳዳጊ አልበደለህም።"