ክትትል አለሽ?

ከጤና ጣቢያው የወሰዱኝ ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ ነው። ጥፋቴ በተቃውሞው ቀን የተፈነከቱ ተማሪዎችን ቁስል መስፋቴ ነበር። ሶዶ፣ የሴቶች እስር ክፍል ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ ያበጠ እግር ነው።

የእግሩ ባለቤት ከዱቦ አካባቢ የመጣች፣ አሥራ ስድስት ዓመት በቅጡ ያልሞላት ልጅ ነበረች። ተማሪው ወንድሟ ስለተሰወረ በእሱ ፋንታ ይዘዋታል። ጠባቂዎቹ "የእሱ እህት" ነበር የሚሏት። ሆዷን በነጠላ ብትሸፍነውም ሰባት ወር ግድም እንደሆነ አላጣሁትም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔም ልክ እንደ ሥራ ቦታዬ በአማርኛ ጠየቅኳት።

"ክትትል አለሽ?"

ፊቷ ተለወጠ። "የለም! ማንም አይከታተለኝም። ወንድሜ የት እንዳለ አላቅም" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እኔ የእርግዝና ምርመራ ማለቴ ነበር። በዚያ ቤት ግን ያ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ጆሮ ጠቢ አድርጋኝ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። እኔም ተቀየምኩ፤ ስትፈልግ ትመጣለች ብዬ ተውኳት። ለዚህ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እጄን ያዘችኝ።

"ሲስተር፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ዓይኔም ጨለመ።"

ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ የጎደጎደው አልመለስ አለ። ግፊት መለኪያ የለኝ፣ መድኃኒት የለኝ። ክትትል ማለት ምን እንደሆነ በወላይትኛ ነገርኳት። በዚያ ሕመም ውስጥ ፈገግ አለች።

"ታዲያ ሆድ ማየትን ለምን እንደዚህ ይሉታል?"

በሩን ደበደብኩ። ኃላፊው መጣ።

"ወንድሟ እጁን ይስጥና ትሄዳለች" አለ።

"ጌታዬ፣ እሱ እስኪመጣ እሷ አትቆይም። ዛሬ ሆስፒታል ካልደረሰች እሷም ፅንሱም ይሞታሉ።"

"ማነው እንደዚህ ያለው?"

የሳሙና ካርቶን ቀደድኩ። አንዷ እስረኛ ደብቃ ያቆየችውን እስክሪብቶ አቀበለችኝ። እብጠት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ግፊቷ በአስቸኳይ ይለካ ብዬ ጻፍኩ። ከታች ስሜንና ሙያዬን አስፍሬ ፈረምኩ። ከታሰርኩ ጀምሮ ያቀረቡልኝን ወረቀት ሁሉ አልፈርምም ብዬ ነበር፤ ይኼኛውን ማንም ሳይጠይቀኝ ፈረምኩ።

"እኔ ነኝ ያልኩት" ብዬ ሰጠሁት።

አንብቦ መለሰልኝ። ሁለት ጠባቂዎች ጠራ። ደግፈው ሲያወጧት ካርቶኑን እጇ ላይ አስያዝኳት።

የተፈታሁ ዕለት በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። መዝገብ ያዡ "ስሟ ማነው?" አለኝ። ሁሉን ስጽፍ ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር። ዱቦ ድረስ ሄጄ ባፈላልግም ሰዉ ለምን እንደምፈልጋት ጠረጠረኝ እንጂ የነገረኝ የለም። ትኑር ትሙት አላውቅም።

አሁን የምሠራው ቦዲቲ ነው። እሷን የምታክል ልጅ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብስባ፣ ፈራ ተባ እያለች ስትገባ ካርዱን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። መጀመሪያ የራሴን ስም እነግራታለሁ። ከዚያ ስሟን እጠይቃታለሁ።