ካሜራ የተማርኩት ለእሱ ብዬ ነው

ጎረቤቶቼ በማለዳ ተሰብስበው ደጄ ላይ ሲቆሙ፣ የማን መርዶ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ገባኝ። ከፊት የእድራችን ሰብሳቢ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የንስሐ አባቴ፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። እንዲህ ሆኖ በማለዳ የሚመጣ ሰው ለደስታ አይመጣም። አባ ቁጭ በይ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። እናቴ ጎጃም ውስጥ አርፋ፣ እዚያው ተቀብራ ነበር። ወንድሞቼ ለባለቤቴ ደውለው፣ ባለቤቴ ለእድሩ ነግሮ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ በዋዜማው ልጄን እያጫወትኩ ስስቅ አምሽቻለሁ።

ከቦንጋ ጎጃም ድረስ በመኪና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የጡት ሕፃን ይዤ ብሄድም የምደርሰው ለአፈሩ ነው። ስለዚህ ለቅሶው እዚሁ ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር መጣ፣ መሃል ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ለፎቶዋ ነው። አጥር የምንጋራው የከፋ ተወላጅ ጎረቤቴ፣ ደግ ሴት ናት፣ ጠጋ ብላ “ፎቷቸውን አውጪው እንጂ፤ እዚህ ያለው ሰው ግማሹ በመልክ አያውቃቸውም። ማንን ብለን እናልቅስ?” አለችኝ። የማወጣው ፎቶ አልነበረኝም። ጠረጴዛው ባዶውን ዋለ፣ ባዶውን ሰነበተ። የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን።

እናቴ ፎቶ አትወድም ነበር። ስልክ ያነሳባትን ሰው ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። የሰው መልክ በየኪሱ መዞር የለበትም ትላለች። ልጄን ስወልድ ልታርሰኝ ያን ሁሉ መንገድ መጣች፤ ሴት ልጅ ስለሆነች ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና እስክትነሣም አልሄደችም። በክርስትናው ቀን፣ ድግሱ መሃል፣ ፎቶ አንሺው መጥቶ ሲያስቸግራት “ዛሬስ ለልጅቷ ይሁን” ብላ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ ልጄን ታቀፈች፣ ቀና ብላ አየችው። ደጋግሞ አነሳት። እኔ ከቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ እንዳታፍር ብዬ ድምፄን አላሰማሁም።

ይህ ሰው በከተማው የታወቀ፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው፣ የከተማው ሰው የመታወቂያ ፎቶ ሁሉ በእጁ ያለፈ ሽማግሌ ነው። በሳምንቱ ልንቀበል ስንሄድ ሚሞሪው ተቃጥሏል አለን። “ስከፍተው ባዶ ነው” አለ፤ እጁን ዘርግቶ፣ ምን ላድርግ በሚል ፊት። እኛም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለን ተመለስን። እናቴ እንኳን ተረፍኩ ብላ ስቃ አገሯ ገባች። የቀረኝ ወንድሞቼ በስልክ አንስተው የላኩልኝ የመታወቂያዋ ፎቶ ነው፤ ማኅተሙ ግማሽ ፊቷን በልቶታል።

ከአርባዋ በኋላ አንዲት ወደ ሌላ ዞን የተዛወረች የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ካሜራዋን ስትሸጥ ገዛሁት። ባለቤቴ ሐዘን ነው ብሎ ተወኝ። ሐዘን ብቻ አልነበረም። ያ ሰው በምን ሥራ እንደበደለኝ ማወቅ ፈልጌ ነበር። የማላውቀውን ነገር “ተቃጠለ” ሲሉኝ አምኜ መሄዴ ነበር የሚያንገበግበኝ።

ካሜራው ማኑዋል አልነበረውም። ከኢንተርኔት አወረድኩት፤ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ የመዝገብ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ደብዳቤ ወጪና ገቢ ያደርጋል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ገጽ በገጽ አነበብኩት። ያልገባኝን ደግሞ በአማርኛ የሚያስተምሩ ልጆች ቪዲዮ ላይ እፈልጋለሁ፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አስተማሪው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፣ እኔም አብሬው እጠብቃለሁ። የሌንሱ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል የሚለው ነገር ለሳምንታት አላስተኛኝም። ባጃጅ ሳነሳ ባጃጁ ጭስ ይሆናል። በክረምት፣ ጉም ከጫካው ወርዶ ግቢያችን ሲገባ፣ እንሰቱን ሳነሳ ሁሉም ነገር አመድ ይሆናል። መጽሐፉ ምክንያቱን ነገረኝ፤ ካሜራ ነጭ የበዛበትን ነገር ሲያይ ብርሃን በዛብኝ ብሎ ያጨልመዋል፤ ሰውየው ራሱ ብርሃን መጨመር አለበት። ያን ቀን ገባኝ። በከተማችን የቤተ ክርስቲያን ፎቶ ሁሉ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ሁሉ፣ ለምን ነጠላዋ አመድማ ፊቷ ጥቁር ሆኖ እንደሚወጣ። ጋሼ ይህን አያውቅም ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ደስታው ጥሩ ደስታ አልነበረም።

ይህንን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ለመጽናናት ነው ወይስ ለበቀል ብለው ጠየቁኝ። ለበቀል ነው አባቴ አልኳቸው፤ ለእሳቸው አልዋሽም። ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ሰግጄ ስነሳ ካቆምኩበት ገጽ ቀጠልኩ።

መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ጀምሮ መተው ስለማልወድ ነው። ከመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ካሜራው የሚጽፋቸው የብልሽት መልእክቶች ተዘርዝረዋል። ሚሞሪ ሲበላሽ ካሜራው ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይጽፋል። ባዶ ብሎ የሚያሳየው ሰው ሲያጠፋው ነው። ሁሉንም በአንዴ ለማጥፋት ደግሞ ካሜራው ይጠይቃል፤ በቅድሚያ የተመረጠው መልስም “ይቅር” የሚለው ነው። ለማጥፋት ጣት ከ“ይቅር” ተነስቶ ወደ “እሺ” መሄድ አለበት። ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ገጹን ደግሜ አነበብኩት። “ስከፍተው ባዶ ነው” ነበር ያለን።

በማግስቱ ሄድኩ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ጉርድ ፎቶ የሚጠብቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ። ሲያየኝ ሳቀ።

“ካሜራ ገዛች ሲሉ ሰምቻለሁ። ከመዝገብ ቤት ወደ ፎቶ ቤት! ለእኛም እንጀራ ተይልን እንጂ እህቴ።”

የተቀመጡት ሳቁ። አንድ ነገር እንዲያስተምሩኝ ነው የመጣሁት አልኩት፤ አንቱታዬን አልቀነስኩም። ሚሞሪ ሲቃጠል ካሜራው ምን ብሎ ይጽፋል ብዬ ጠየቅኩት።

“ምንም አይጽፍም። ባዶ ይሆናል።”

ስልኬ ላይ ገጹን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩና ለተቀመጡት ጭምር እንዲሰማ አድርጌ ተረጎምኩት። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አንደኛው አስተማሪ አንገቱን አስግጎ አነበበና “እውነትም እንዲህ ነው የሚለው” አለ። ጋሼ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

“በክርስትናው ማግስት ሺሺንዳ ሠርግ ነበረብኝ፤ ሌላ ሚሞሪ አልነበረኝም” አለ። “ደግሞ ክርስትና እኮ ነው እህቴ። ልጅቷ አለች አይደል? አምጫትና ዛሬውኑ ላንሳት።”

“እናቴንስ?”

“እናትሽ ምን ሆኑ?”

ለቅሶዬ ላይ እንዳልመጣ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ አልሰማም ነበር። አልነገርኩትም። ብነግረው ደንግጦ ይነሳል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ እግዜር ያጽናሽ ይላል። እግዜር ያጽናሽ ላለኝ ሰው አሜን ማለት ግዴታዬ ነው፤ አሜን ካልኩ ደግሞ ይቅር አልኩት ማለት ነው። ስልኬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድሜ እሻገራለሁ፤ ያን ቃል አፉ ላይ እንዳያመጣው።

ከዚያ በኋላ የማኅበራችን ሴቶች የልጆቻቸውን ክርስትና እኔ አነሳላቸው ጀመር። በእኔ ፎቶ ነጠላው ነጭ ነው፣ ፊቱም ይታያል። አሮጊቶቹን አስቀድሜ አነሳለሁ፤ ሕፃኑ ይቆያል። የዚያኑ ቀን ማታ ሁለት ቦታ ገልብጬ አስቀምጣለሁ። አሁን ጋሼ የሚያነሳው የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ቀን ፎቶ ኮፒ ያደርጋል። በደጁ ሳልፍ ባዶውን ወንበር አያለሁ። ያጽናናኛል። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ በየጾሙ እናዘዘዋለሁ፤ አባም ስግደቱን በየጾሙ ይጨምሩልኛል።

ነገር ግን ያንን ሁሉ መጽሐፍ ማንበቤ እናቴን አላመጣልኝም። ልጄ አያቴ ማን ናት ስትለኝ የማሳያት ማኅተም የተመታበት ግማሽ ፊት ነው።

ስለዚህ በክርስትናው ቀን ግቢያችን የነበራችሁ ሁሉ፣ ከቢታ ገነት የመጣችሁት የክርስትና እናቷ ዘመዶችም ጭምር፣ እለምናችኋለሁ። ስልካችሁን አንስታችሁ ልጅቷን ስታነሱ አይቻችኋለሁ። አሮጌ ስልካችሁን አስነሱት፣ የቀየራችሁትን ከሳጥን አውጡት። ፎቶው ላይ ልጄን አትዩ፤ ከጀርባዋ፣ ወንበሩ ላይ ያለችውን እዩ። ትከሻዋ ብቻ ቢሆን፣ የነጠላዋ ጥለት ብቻ ቢሆን፣ ደብዛዛ ቢሆን እንኳ እቀበላለሁ። ካገኛችሁ ለእኔ አድርሱልኝ፤ እሱ ቤት ወስዳችሁ ግን አታሳትሙት።