በዓል ባልሆነ ቀን የታረደች ዶሮ

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሽንኩርት እንድልጥ እንጂ እንድከትፍ ገና ያልተፈቀደልኝ ጊዜ። ይህን ያስታወሰኝ ልጄ የገዛችልኝ የኤሌክትሪክ ድስት ነው፤ ጠዋት ዶሮውን ከተው ክዳኑን ይገጥሙታል፣ እሱ ብቻውን ሲንተከተክ ይውላል። ትናንት ከሥራ ስመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ።

ወሩ ሐምሌ ነበር፤ የአሰላ ሐምሌ። ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ይውላል። ወንድሜ ኩሽናው ላይ ካለው ቆጥ ከተደበቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱን እያፈሱ ስለነበር፣ ለሚጠይቀን ሁሉ “ጎበሳ ከተማ ዘመድ ጋ ሄዷል” እንል ነበር። ብርዱ ደረቱን መታው። ሳሉ ሲመጣበት ጋቢውን ነክሶ ያፍነዋል። እናቴ ሦስት ሌሊት ስታዳምጠው ቆየችና “ይህ ልጅ ዶሮ ካልቀመሰ አይድንም” አለች። ያለችን አንዲት ዶሮ ነበረች።

አባቴ ከሞተ ጀምሮ ዶሮ የሚያርድልን አጎቴ ነበር፤ የአባቴ ወንድም፣ በአጥር የምንዋሰነው። በእኛ ዘንድ ሴት ቢላዋ አንገት ላይ አታሳርፍም፤ ወንድ የሌለው ቤት መንገደኛም ቢሆን ለምኖ ያሳርዳል። አጎቴ ግን የቀበሌ ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ እናቴ ወደ ግቢው ባይገባ ትመርጥ ነበር። ስለዚህ ያን ሐሙስ ወንድሜ ራሱ ከቆጡ ወርዶ አረዳት። እየሳለ እየሳቀ “ለመድኃኒቴም እኔው ባለሙያ!” ሲለኝ፣ እናቴ “ዝም ብለህ ቆጡ ላይ ውጣ!” አለችው።

ከዚያ ያ ረጅም ሥራ ተጀመረ። ከሰሉን አመድ አልብሳ፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በሸክላ ድስት እያማሰለች፣ ውሃው እስኪመጥ ጠበቀች። “ዶሮ ችኩል አይወድም” ትል ነበር። በርበሬው ሲገባ አስነጠሰኝ። ሽታው እንዳይወጣ ጎን ለጎን ገብስ ቆላች፤ ንጥር ቅቤና ኮረሪማ በገብስ የሚሸፈን ይመስል።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ እሳቱን ለእኔ ትታ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። አጎቴ በአጥሩ በር ብቅ ያለው ያኔ ነው።

“አንቺ ቀበጥ፣ ዛሬ የማን ሠርግ ነው? ምራቅ አስዋጣችሁን እኮ!”

“ሠርግ የለም ጋሼ።”

“ታዲያ ማን አረደላችሁ? እኔን ሳትጠሩ?”

መንገደኛ ብል በበቃ። የታች ጎረቤት ብልም በበቃ። እኔ ግን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ “እማዬ ራሷ” አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። “እናትሽ? ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞረው?” ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ወደ ቆጡ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ራሴን ዳበሰኝና “በይ እሳቱን ጠብቂ” ብሎ ሄደ።

እናቴ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ አልነገርኳትም። ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ። ብነግራት ኖሮ ወንድሜ በጓሮ ወጥቶ ከጫካው ለመድረስ ጊዜ ነበረው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ያን ሁለት ሰዓት ድስት ስናማስል አሳለፍነው።

ወጡ ሲደርስ እናቴ መጀመሪያ አጎረሰችው። ሁለተኛውን ጠቅልላ እጇ ላይ እንዳለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። አራት ነበሩ፤ አጎቴ አብሯቸው አልነበረም። “እንዲህ የታመመ ልጅ! እባካችሁ እህሉን እንኳ ይጨርስ!” ብላ ለመነቻቸው። አልጨረሰም።

በሳምንቱ የአጎቴ ልጅ ስም ከዘማቾች ዝርዝር መሰረዙን ሰማን። ወንድሜ ከሄደበት አልተመለሰም።

ማን እንዳሳበቀ እናቴ የገባት የልጁን ስም መሰረዝ የሰማን ቀን ነው። በምን እንዳወቀ ግን እስክትሞት አልነገርኳትም።

መንግሥት ሲለወጥ አጎቴ ታሰረ። ልጁ አገር ጥሎ ሄዷል፤ ሚስቱም ቀድማ ሞታለች። ስንቅ ያመላለሰችለት እናቴ ናት። “ምን አገባሽ፣ ተይው!” ብዬ ስጮህባት፣ “የአባትሽ ወንድም ነው፤ ማን አለው?” አለችኝ። ሰባት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ የእስር ቤቱን ዳገት በእግሯ እየወጣች አበላችው።