ከአንድ ቁጥር አምስት ሲቀነስ

በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ግን እንግሊዝኛው አይገባቸውም። ስለዚህ በቃላት የቀረበውን ጥያቄ በኤክስ ከመጻፋቸው በፊት በአማርኛ እነግራቸው ነበር።

ከአምባሰል መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» ሲባል፣ አምስት ቀድሞ ስለተጠራ፣ ኤክስን ከአምስት ትቀንሳለች። «ከአንድ ቁጥር አምስት ሲቀነስ» ስላት ግን ወዲያው ኤክስን አስቀድማ ትጽፍና «ወላሂ ቲቸር፣ ይህማ ቀላል ነው!» ትለኛለች።

የሚኒስትሪ ፈተና ዕለት እሷ ያለችበት ክፍል ፈታኝ ሆንሁ። እጇን አወጣች። ጠጋ ስል ጣቷን ጥያቄው ላይ አድርጋ፣ «ይህችን ብቻ በአማርኛ ይበሉልኝ» አለች በሹክሹክታ። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሟል። «አይፈቀድም» ብያት አለፍሁ። ዞር ብዬ ሳያት አቀርቅራለች፤ እርሳሷ አይንቀሳቀስም።

ውጤት ሲመጣ በጥቂት ነጥብ ወድቃ ነበር። አባቷ ሊወስዳት መጣና ስለ ልፋቴ አመሰገነኝ። የምገባበት ጠፋኝ። በአማርኛ ብትጠየቅ ኖሮ ታልፍ እንደነበር ልነግረው አስቤ ተውሁት፤ ምን ይረባዋል? እሷ ደብተሮቿን በሻሽ ጠቅልላ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

መስከረም ላይ መዳሯን አክስቷ ነገረችኝ። በዚያ ዓመት ልጆቹን ለፈተናው ማስለመዴ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር አቆምሁ። ጥያቄ የሚጠይቀኝም ጠፋ።