ሪሙቭ፣ ሪፕሌስ እና ኩርኩም

ልጅ እያለሁ፣ ጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ በደርግ ጊዜ፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ገና ሳልመታ አናቴን ይበላኝ ነበር። መምህራችን ያልመለሰውን ራሳቸው አይመቱም፤ የመለሰው ተማሪ እንዲኮረኩመው ያዛሉ። ጓደኛ ለጓደኛው በስሱ ያሳርፋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ደረጀ ግን ለማንም አያዝንም። እሱን ደግሞ አባቱን ፈርቶ አጥብቆ የሚነካው አልነበረም።

አንድ ቀን መምህሩ የ«ሪሙቭ» እና የ«ሪፕሌስ»ን ልዩነት ጠየቁኝ። ያው ናቸው አልኩ። ደረጀ መለሰና በጣቶቹ አንጓ መሀል አናቴን አለኝ። እንባዬ ጠብ ሲል ሳቀብኝ። ከኩርኩሙ ይልቅ ሳቁ አንገበገበኝ፤ ካልመለስኩለት የአባቴ ልጅ አይደለሁም ብዬ ማልኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጓሯችን የተከራየ የኮሌጅ ተማሪ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ አስጠናኝ። ለጥገና ከመጣ ሸሚዝ ላይ አሮጌ ቁልፍ ቆርጦ አነሳና «ይሄ ሪሙቭ» አለኝ። በቦታው አዲስ ሰፍቶ «አሁን ሪፕሌስ አደረግነው» አለ። ጨርቁ ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት አሽቶ ሲያጠፋው «ኢሬዝ» ሆነ። ሐሳቤ የገባው አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከሹም ልጅ ጋር አታጣዪኝ» አለ። ዞር ሲል ጣቴን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አለማመድኩ።

መምህሩ እንደገና ሲጠይቁ ደረጀ ኢሬዝን ከሪሙቭ ቀላቀለ፤ እኔ ሦስቱንም ለያየሁ። ስጠጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማሎ፣ ቀስ በዪ» ብሎ ለመነኝ። ቀስ አላልኩም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ቤት ስገባ ፍርሃቱ መጣ። አባቴ በኔ ጦስ ሲታሰር ይታየኝ ጀመር። ከቀናት በኋላ ሊቀመንበሩ እውነትም ሱቃችን መጡ። ያረጀ ሸሚዝ ይዘው ነበር፤ ኮሌታው ተገልብጦ እንዲሰፋላቸው። ስለ ልጃቸው ምንም አላነሱም። ደረጀ አልነገራቸውም ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን ትምህርት ቤት አይኮረኮሙም፤ እሰየው። ጅማ ስሄድ ከደረጀ ጋር እንገናኛለን። ፀጉሩ ሸብቷል። እየሳቀ የኔን ኩርኩም ያነሳል፤ የራሱን ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ። እህቴ «አሁንም ቂም ይዘሽበታል?» ትለኛለች። ኧረ እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ይቅር ያልኩት ከኮረኮምኩት በኋላ ነው።