ጀሶ የለበሰው ደህና እጄ

ክንዴ አልተሰበረም ነበር። ይህን አስቀድሜ መጻፍ ይሻለኛል፤ ኋላ ለማመካኘት እንዳይመቸኝ።

ከኮሮናው ዓመት በኋላ ነው። ቱሊ ጉሌድ ከተማ የአንድ ቤት ልስን ጨርሼ በሚኒባስ ወደ ጅጅጋ እመለሳለሁ። ከጎኔ የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን የያዘች ሴት ተቀምጣለች። መንገዱ መሃል ግመል ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ሊስተው ሲል መኪናው ቦይ ገብቶ በጎኑ ተኛ። የሞተ የለም። ሴትየዋ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ድምፁን ሰምቻለሁ። የኔ ክርን ተላጠ፣ በቃ።

ሾፌሩን ፖሊስ ያዘው። መኪናው የራሱ ነው፤ የአባቱን ግመሎች ሸጦ የገዛው፣ ስድስት ልጅ የሚያበላበት። መድን ቢኖረውም እኛ ዘንድ መድን እስኪከፍል የሚጠብቅ የለም። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ካሳ ይቆርጣሉ፤ ተጎጂው ሲፈርም ሾፌሩ ይወጣል። እስኪፈረም እሱም መኪናውም ጣቢያ ናቸው።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ደላላ አገኘኝ። ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ለሳኝ ነኝ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በቀኝ ነዋ።»

«እንግዲያው የተሰበረው ቀኝህ ነው» አለኝ፣ ሳይስቅ። «የለሳኝ ቀኝ እጅ ማለት ቤቱ ነው፣ ትዳሩ ነው። ካሳው ይከብዳል። ሲሶው የኔ።»

«ሾፌሩስ?»

«አቦ፣ ለሾፌሩ አታስብ። ጎሳው ያዋጣል። ለመቶ ሰው ሲካፈል ማንንም አይቆረቁር።»

የሌላ ሰው ራጅ አመጣ፤ አንድ ጓዳ ወስዶ ጀሶ አስደረገልኝ። አምስት ሳምንት ተሸከምኩት። ደህና እጅ ጀሶ ውስጥ ሲያሳክክ ለማን ይነገራል። ሥራም የለም። ሚስቴ ሸሚዜን እየቆለፈችልኝ «ያልታመመ ሰው አስታምሜ ልሙት?» ትለኝ ነበር።

ያኔ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። አያቴ ወታደር ሆኖ ወደዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ ጅጅጋ ነን፤ አማርኛም ሶማልኛም እናገራለሁ፣ አንዱንም ግን አላነብም ነበር። አርባ ዓመት አልፎኝ በጣቴ ስፈርም ኖርኩ። ጸሐፊዎች በጣቱ የሚፈርመውን ሰው ፊቱን አያዩትም። አውራ ጣትህን እንደ ማኅተም እጀታ ይይዙና ቀለሙ ላይ ይጫኑታል።

ጀሶው በወለቀ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ጣቢያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተቀመጡ። እጄን በሚስቴ ሻርፕ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ሾፌሩን ፖሊስ አምጥቶ ዳር አስቀመጠው። ከስቷል። የጎሳውን ከብት ድርቁ ጨርሶታል፤ የሚያዋጣ ስለጠፋ ሚኒባሱ ይሸጥ ተባለ። ደላላው የነገረኝ ሌላ ነበር። ሰማሁና የሻርፑን ቋጠሮ አጠበቅኩ።

ደላላው ያጻፈው የኔ የጉዳት ወረቀት ተነበበ። ቀኝ እጁ ከእንግዲህ ዕቃ አይጨብጥም ይላል።

«ፈርም፣ ልጄ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

ደላላው የቀለም ሳጥን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተ። «እሱ በጣቱ ነው፣ አዴር፣ አጎቴ። ፊደል የለውም።»

ደሜ ፈላ። አሥር ወር ሙሉ ከልጆቼ በሚያንሱ ሰዎች ፊት «ሀሁ» ስል የከረምኩት ለዚህ ነው? እስክሪብቶውን አነሳሁና ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩት፣ መስመር ሳልለቅ። ቀና ስል ሁሉም እጄን ያያሉ። የጻፍኩት በቀኜ ነው። ሻርፑ አንገቴ ላይ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ጽሕፈቱ ያምራል» አሉ። «አላህ እጅህን ምሮልሃል።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ደላላው ሳጥኑን ዘግቶ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ወጣ፤ አልተመለሰም። የኔ ካሳ ተሰረዘ። በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። አንዱ ወረቀት ሲዋሽ ሌላውን ማን ያምናል? የወተት ሻጯንም ካሳ በግማሽ ቀነሱት። እሷ መነሳት ስላልቻለች እህቷ ነበረች የመጣችው፤ ራጁን ወደ ፀሐይ ይዛ ብታሳያቸው የሚያየው ጠፋ። ሚኒባሱ ግን ከመሸጥ ተረፈ።

ሾፌሩ ሲፈታ በር ላይ ጠብቆ ቀኝ እጄን ያዘኝ።

«በጣትህ ብትፈርም ማን ያውቅብህ ነበር?» አለኝ። «ዋላሎ፣ ወንድሜ፣ ለኔ ብለህ ራስህን አዋረድክ። ልጆቼ አይረሱህም።»

ለእሱ ብዬ አልነበረም። ደላላ ፊት መሃይም ላለመባል ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩና «ምንም አይደል» አልኩት።

ይኸው እስከ ዛሬ ቱሊ ጉሌድ ስሄድ ሂሳብ አይቀበለኝም። የፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። ለማያውቀኝ ተሳፋሪ ታሪኩን በሶማልኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ በየጊዜውም ይጨምርበታል። ባለፈው እያለቀሰ ነው የፈረመው ሲል ሰማሁት። መስኮቱን እያየሁ ወራጅ የምልበትን ቦታ እጠብቃለሁ።