ጋቢዬ ቦርሳ ሊሆን ሲል

2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ ሪያድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ በያዘችበት ሰሞን። ዛሬም ጋቢዬን ስደርብ ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ያስቀኛል፤ አንዳንዴ አያስቀኝም።

ሰዓዳ የምትባል ያገራችን ልጅ ራውዳ ሰፈር ቤቷ ሰብስባን፣ የሽመና ጥበብ እንዳይጠፋ ምን እንደምታደርግ ነገረችን። አሮጌ ጋቢና ነጠላ ሰብስባ ታስቆርጥና የላፕቶፕ ቦርሳ ታደርገዋለች። ጥበብ የሚድነው በመቀስ ነው ማለት ነው። «ክር አይባክንም፣ ሠራተኛ አይበደልም» አለች። ባለቤቴ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። መሐንዲስ ነው፤ ለጥበብ አንጀቱ አይችልም። ጋቢ ሲታጠብ ግን አንድ ቀን ጨምቆልኝ አያውቅም።

በሳምንቱ እኔ ሳልኖር ቁም ሣጥን ከፍቶ ጋቢዬን ለገሰላት። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ዓይኗ ሳይደክም በመጨረሻ የፈተለችው ነው። ልጆቼን ሁሉ ያቀፍኩበት ነው።

ለሰዓዳ ደወልኩ።

«ውዴ፣ አታስቢ! አዲስ ሕይወት ሊያገኝ ነው።»

«እህቴ፣ አሮጌው ሕይወቱ መች አለቀ?»

«እንግዲህ ዐዚዚያ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዷል፤ ዛሬ ይቆረጣል። ከደረስሽበት ውሰጂው።»

ታክሲ ይዤ በረርኩ። መንገዱን ሙሉ ዱዓ አደረግኩ።

ወርክሾፑ በር የለውም፤ መጋረጃ ነው ያለው። የተቆራረጠ ነጠላ ጥግ ላይ ተከምሯል። ጠረጴዛው ላይ ቦርሳው ላይ የሚለጠፉ ጽሑፎች ተደርድረዋል፤ «በደስተኛ እጆች የተሠራ» ይላሉ። ደስተኛ እጆቹ ጠረጴዛው ሥር ነበሩ። ልብስ ሰፊው የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ ካርቶን ላይ ተጋድሞ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። የተጠቀለለው በእኔ ጋቢ ነው።

ሲያየኝ ደነገጠ። ሰዓዳ የላከችኝ መስሎታል። ጋቢውን ከላዩ ገፍፎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መቀስ አነሳ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም እህቴ! አሁን እቆርጣለሁ፤ ለማዳም እንዳትነግሪ!»

«ኸላስ! አስቀምጥ!» ብዬ ጮህኩ። መቀሱ ጥለቱን ነክቶ ነበር።

የእኔ መሆኑን ስነግረው አንገቱን ደፋ። «በጣም በረደኝ። ከመቁረጤ በፊት ትንሽ ልልበሰው ብዬ ነው» አለ።

ስለ ጋቢ ያን ሁሉ ንግግር ሰምቼ፣ ጋቢ ለምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

አጥፌ ታቅፌው እስከ መጋረጃው ሄድኩ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ከታመመ ሰው ላይ ልብስ ገፍፌ፣ ቤቴ ገብቼ መግሪብ ልሰግድ? ተመልሼ አለበስኩት።

«ተኛ» አልኩት። «መቀሱን ግን ወስጃለሁ። ማዳም ከጠየቀችህ፣ አንዲት እብድ ቀማችኝ በላት።»

አልሐምዱሊላህ፣ ጋቢዬ ዛሬም አለ። ያ ሰው ባይበርደው ኖሮ ጋቢዬ የሰው ላፕቶፕ ተሸክሞ ይዞር ነበር። ዱዓ አደርግለታለሁ። ለሰዓዳም አደርጋለሁ፤ የእሷ ግን ረዘም ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ከፈጅር በኋላ ሾርባ ሠርቼ ወደ መኝታ ቤት ገባሁና የባለቤቴን ወፍራም የፋብሪካ ብርድ ልብስ ከላዩ ላይ ገፈፍኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» ብሎ ብድግ አለ።

«ለጥበብ ነው፤ ተኛ» ብዬው፣ ሾርባውንና ብርድ ልብሱን ይዤ በጋቢዬ ልለውጥ ወደ ዐዚዚያ ሄድኩ።